«ብርድ ነው» የሚባለው የአንጓ ሕመም የቆላውን ገበሬ እጅ እያሰናከለ ነው

ከጥቂት ዓመታት በፊት በጥር ወር በመተማ ወረዳ በአንድ የገበሬ ማኅበር ውስጥ የአፈርና ውኃ ጥበቃ ሥራ ሲካሄድ የቀሪዎችን መዝገብ እንድይዝ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ። (ዛሬ በወረቀት ላይ ቀበሌ ይባል እንጂ በአፋችን የገበሬ ማኅበር ማለቱን አልተውነውም።) ከግብርና ኮሌጅ በዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ ከጀመርኩ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ስለነበር ትጉ መሆኔን ለማሳየት እጓጓ ነበር። በዚያ ሰሞን አንዲት አርባ ዓመት ያልሞላቸው የአራት ልጆች እናት በተከታታይ አምስት ቀን ከሥራው ቀሩ። ስማቸውን አምስት ጊዜ በቀይ እስክሪብቶ መዘገብኩ። ሊቀ መንበሩም በስብሰባ ላይ «ፊታቸው ሞልቶ፣ ጉንጫቸው ወዝቶ እያየን ታመምኩ ይሉናል» በማለት ቅጣቱን አስወሰኑ። ቅጣቱም ተከፈለ። ገንዘቡ ከየት እንደመጣ የጠየቀ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ነገሩ የተገለጠልኝ ሰሊጥ በሚታጨድበት ወቅት ነው። ሰሊጥ እንደምታውቁት የሚታገሥ እህል አይደለም። ፍሬው አፉን መክፈት ከጀመረ በኋላ ያልታጨደ ሰሊጥ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመቱ ድካም በሳምንት ውስጥ ያልቃል። እኒህ እናት የታጨደውን ነዶ በክንዳቸው አቅፈው፣ የማሰሪያውን ጫፍ በጥርሳቸው ነክሰው ሲያስሩ አየኋቸው። ጠጋ ብዬ ብጠይቃቸው «ወንድሜ፣ ጣቴ አይታዘዘኝም፤ ጥርሴ ግን ገና ደህና ነው» አሉኝ።

ሕመሙ የጀመራቸው ከሦስት ዓመት በፊት ነበር። በመጀመሪያ የሁለቱ እጆቻቸው ጣቶች መጋጠሚያ አበጠ፤ ቀጥሎ የእጅ አንጓቸው፣ ከዚያም የእግር ጣቶቻቸው ሥር። ጠዋት ሲነሡ እጃቸው እንደደረቀ ቆዳ ይገተራል። ሊጥ ማቡካት ቀርቶ የሕፃናቸውን አንቀልባ መፍታት የሚችሉት ፀሐይዋ ከፍ ካለች በኋላ ነው። ጎረቤት ሁሉ «ብርድ ነው» አለ። አንዱ ወጌሻ አሻቸው፤ ሌላው በዋግምት ደም ቀዳላቸው፤ ፌጦ ተቀቡ፤ ጠበልም ተጠመቁ። በመጨረሻ በገበያ ቀን መድኃኒት መሬት ላይ ዘርግቶ ከሚሸጥ ሰው ስሟን የማያውቋትን ትንሽ ነጭ ኪኒን ገዙ። በሦስተኛው ቀን እጃቸው ተፈታ። «ከሰማይ የተላከልኝ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ዋጡት። ፊታቸው ክብ ሆኖ ሞላ፤ መንደርተኛውም «አማረባት» አለ። ሊቀ መንበሩ የጤና ምልክት አድርገው የቆጠሩት ያ የሞላ ፊት ኪኒኑ ያመጣው ጉዳት ነበር። ኋላ ሻጩ ሄዶ ሲቀር ኪኒኑ ተቋረጠ፤ ሕመሙም ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። እኔ ስማቸውን በቀይ የጻፍኩት በዚያው ሰሞን ነበር።

የእርሻ ጉዳይ በሚጻፍበት በዚህ ገጽ ላይ ስለ ሕመም ለመጻፍ የተነሣሁት በዚህ ምክንያት ነው። ማረሻ ቢሰበር ቀጥቃጭ ዘንድ ይወሰዳል፤ በሬ ቢያነክስ የእንስሳት ጤና ሠራተኛ ይጠራል። የሰው እጅ ሲሰናከል ግን «ሪህ ነው፤ ምን ይደረግለታል» እየተባለ ይታለፋል።

ሐኪሞች ይህን ሕመም ሩማቶይድ አርትራይተስ ይሉታል፤ በአማርኛ የአንጓ ብግነት ቢባል ያስኬዳል። ሪህና ቁርጥማት የሚሉት ቃላት ግን ብዙ የተለያዩ ሕመሞችን በአንድ ከረጢት ውስጥ የሚያጭቁ በመሆናቸው እዚህ ላይ አያገለግሉንም። በዚህ ሕመም ጊዜ ሰውነት ከበሽታ ራሱን የሚከላከልበት ኀይል ተሳስቶ በራሱ ላይ ይዞራል፤ የመገጣጠሚያዎችን የውስጥ ሽፋን እንደ ጠላት ቆጥሮ ያጠቃል። ሽፋኑ ያብጣል፤ እብጠቱም እያደር ልምአጽሙን፣ ቀጥሎም አጥንቱን ይበላል። ብርድ የዚህ ሁሉ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱ ብርድ ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ በመጋቢትና በሚያዝያ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት በመተማ ቆላ አንድም በሽተኛ ባልተገኘ ነበር። ከዘር የሚመጣ ዝንባሌና ሲጋራ ማጨስ ለበሽታው እንደሚያጋልጡ ተረጋግጧል። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ አብልጦ ይይዛል። በዓለም ላይ ከ100 አዋቂ ሰዎች አንዱን፣ ቢያንስ ከ200 አንዱን ያጠቃል ተብሎ ይገመታል። በዚህ ግምት ብንሄድ ሁለት ሺህ አዋቂዎች ባሉበት አንድ የገበሬ ማኅበር ውስጥ አሥር ያህል ሰዎች ሊገኙ ይችላሉ ማለት ነው። እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁን? እኔ አንዷን እንኳ ያወቅሁት ከቀጣሁ በኋላ ነው።

አንጓውን ያመመው ሁሉ ይህ በሽታ አለበት ማለት አይደለም። ዕድሜውን በሙሉ ሸክም የተሸከመ ሽማግሌ ጉልበቱን ቢያመው የመገጣጠሚያው እርጅና ሊሆን ይችላል፤ እርሱ ሲሠሩ ውለው ማታ የሚብስ፣ ሲያርፉ የሚሻል ነው። በእግር አውራ ጣት ላይ በድንገት ሌሊት ተነሥቶ እንደ እሳት የሚያቃጥለው ሌላ ነው። ጥሬ ወተት የሚጠጣ ከብት አርቢ ትኩሳት፣ ላብና የወገብ ሕመም ከያዘው ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፈውን ብሩሴሎሲስን መጠርጠር ያስፈልጋል። የጉሮሮ ሕመም ታሞ ከሰነበተ በኋላ ሕመሙ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወርበት ልጅ ካለ ደግሞ በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ ያ ሕመም አንጓን ልሶ ልብን የሚነክስ ነው።

የአንጓ ብግነት የራሱ አካሄድ አለው። በአብዛኛው ከእጅና ከእግር ትንንሽ መገጣጠሚያዎች ይጀምራል፤ ግራና ቀኙን እኩል ይይዛል፤ ጠዋት ከአንድ ሰዓት በላይ የሚቆይ መገተር አለው፤ ስድስት ሳምንት አልፎትም አይለቅም። ከሐኪም በፊት ማንም ሰው ሊያደርገው የሚችል ቀላል ሙከራም አለ። እንደ ሰላምታ እጅ ይዞ የጣቶቹን ሥር ከግራና ከቀኝ በቀስታ ጨመቅ ማድረግ ነው። ጤነኛ ሰው ምንም አይለውም፤ ይህ ሕመም ያለበት ሰው ግን እጁን ይነጥቃል። በየቀኑ ሰው የምትጨብጡ መሪዎች ናችሁና ይህን ማስተዋል አይከብዳችሁም።

ፍጥነት የሚያስፈልግበትን ምክንያት በእርሻ ቋንቋ ልናገር። አረም በሦስት ሳምንቱ ሲነቀልና በሦስት ወሩ ሲነቀል አንድ አይደለም። በዚህም ሕመም ሐኪሞች ከሁሉ አብልጠው የሚጨነቁላቸው የመጀመሪያዎቹ ከሦስት እስከ ስድስት ወራት ናቸው። በዚያ ጊዜ ትክክለኛው መድኃኒት ከተጀመረ አጥንቱ ሳይበላ በሽታው ሊገታ ይችላል። ከጠመመ በኋላ ግን ጣቱን በኪኒን የሚያቃና የለም። እኒያ እናት ሦስቱን ዓመት ያጠፉት በዋግምቱ፣ በወጌሻውና በነጯ ኪኒን ነው።

ያች ነጭ ኪኒን ምን ነበረች? በኋላ በሆስፒታል እንደተነገራቸው ፕሬድኒሶሎን ከሚባለው ወገን ናት። የዚህ መድኃኒት ታሪክ የእኒያን እናት ታሪክ ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1948 በአሜሪካ በማዮ ክሊኒክ ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች በዚሁ ሕመም መንቀሳቀስ ላቃታት አንዲት ወጣት ሴት ኮርቲዞን የተባለውን ቅመም በመርፌ ሰጣት፤ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተነሥታ ሄደች። ዓለም ተደነቀ፤ ሄንችና ሁለት የምርምር ባልደረቦች እ.ኤ.አ. በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። ግን ብዙ ሳይቆይ መድኃኒቱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ አጥንት እንደሚያሳሳ፣ የደም ስኳር እንደሚያወጣ፣ ዓይን እንደሚጋርድ፣ ሰውነትን ለሌላ በሽታ እንደሚያጋልጥ ታየ። በድንገት ሲቋረጥም ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ቅመም ማምረት ስላቆመ ሰው ተዝለፍልፎ እስከ መሞት ሊደርስ ይችላል። ዛሬ ሐኪሞች ይህን ኪኒን በትንሽ መጠን ለአጭር ጊዜ ያዙታል፤ ዋናው መድኃኒት እስኪሠራ ድረስ እንደ ድልድይ ያገለግላል። ድልድይ ላይ ግን ቤት አይሠራም።

በገበያችን የሚታየው ሌላው ነገር የሕመም ማስታገሻ መርፌና ኪኒን ነው፤ ዲክሎፌናክ የሚሉት በተለይ ታዋቂ ነው። ሕመሙን ያስታግሣል፤ አጥንቱ መበላቱን ግን አያቆምም። ይህን ልዩነት ካልጨበጥን የቀረው ንግግር ሁሉ ከንቱ ነው። ሕመም የሚያስታግሥ ሌላ፣ በሽታውን የሚገታ ሌላ። ማስታገሻው ሲበዛ ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትንም ይጎዳል። በቆላችን ፀሐይ ቀኑን ሙሉ በላብ ሲታጠብ የሚውል፣ ውኃም እንደልቡ የማያገኝ አጫጅ በየቀኑ ሲወስደው ደግሞ ጉዳቱ በኩላሊቱ ላይ ይከፋል። ከደጋ ለአጨዳ የሚወርዱ የቀን ሠራተኞች ጠዋት ሁለት ፍሬ ውጠው ወደ ማሳ ሲገቡ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። አሠሪዎቻቸውም ያያሉ፤ ሰሊጡ እስኪታጨድ ድረስ ግን የሚናገር የለም።

በሽታውን ከሚገቱት መድኃኒቶች አንዱ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወባ መከላከያ ኪኒን ይወስዱ ከነበሩ ወታደሮች መካከል የአንጓና የቆዳ ሕመም የነበረባቸው ሲሻላቸው ታየ። ከዚያ በመነሣት ክሎሮኪንና የእርሱ ወንድም የሆነው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ለአንጓ ብግነት ሕክምና ዋሉ። የመተማ ሰው ክሎሮኪንን ከሕፃንነቱ ጀምሮ በመራራነቱ ያውቀዋል። ይህን ስጽፍ ግን አንድ ስጋት አለኝ፤ ከዛሬ ጀምሮ እጁን ያመመው ሁሉ የወባ ኪኒን ፍለጋ እንዳይሮጥ። መድኃኒቱ ያለ ልክ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይንን ብርሃን ይጎዳል። በዚህ ረገድ ሃይድሮክሲክሎሮኪን ይሻላል፤ መጠኑም በቀን ለአንድ ኪሎ የሰውነት ክብደት ከ5 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይመከራል፤ የዓይን ምርመራም ያስፈልገዋል። ጥቂት ፍሬ ክሎሮኪን ሕፃን ልጅን ሊገድል ስለሚችልም በየቤቱ ተበትኖ መቀመጥ የለበትም። ሌላው መድኃኒት ሰልፋሳላዚን ነው፤ በስዊድን ሐኪሟ ናና ስቫርትስ ለዚሁ ሕመም ብላ ያስጀመረችው ነው።

ዋናው መሣሪያ ግን ሜቶትሬክሴት ነው። በመጀመሪያ ለካንሰር የተሠራ ሲሆን በጣም በአነስተኛ መጠን ለአንጓ ብግነት እንዲሰጥ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1988 ተፈቀደ። ዛሬ በመላው ዓለም ለአብዛኛው በሽተኛ በቅድሚያ የሚታዘዘው እርሱ ነው። ከአዳዲሶቹ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ርካሽ ነው፤ በዓለም የጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥም ለዚሁ ሕመም ተመዝግቧል። ሥራው በዝግታ ነው። ለውጡ የሚታየው ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ብዙ ሰውም «አልሠራልኝም» ብሎ የሚተወው በዚህ መካከል ነው። ነጯ ኪኒን በሦስት ቀን እጅ ስለፈታች ሰው ሁሉን በእርሷ ይለካል።

ስለዚህ መድኃኒት አንድ ነገር በየስብሰባው ቢነገር ደስ ይለኛል። የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ነው! በየቀኑ የወሰደ ሰው የደሙን ማምረቻ አቃጥሎ ሊሞት ይችላል፤ በሌላ አገር እንዲህ ያለ ስሕተት ደጋግሞ ሰው ገድሏል። ቀኑ እንዳይረሳ ከገበያ ቀን ጋር ማያያዝ ጥሩ ዘዴ ነው። እኒያ እናት ማንበብ ስለማይችሉ ኪኒናቸውን የሚወስዱት በገበያ ቀን ማታ ነው፤ በሌላ ቀን ደግሞ ጎጂነቱን የሚቀንሰውን ፎሊክ አሲድ ይወስዳሉ። ጉበትና የደም ሁኔታ በየጊዜው በላቦራቶሪ መታየት አለበት። አረቄ ከዚህ መድኃኒት ጋር አይስማማም፤ ሁለቱም ጉበት ላይ ነው የሚያርፉት። ነፍሰ ጡር ፈጽሞ አትወስደውም፤ ጽንስ ያበላሻል። ለመውለድ የምታስብ ሴት አስቀድማ ለሐኪሟ ከነገረች ሌሎቹ፣ ማለትም ሰልፋሳላዚንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ሊተኩላት ይችላሉ። ባክትሪም የሚባለው የተለመደ መድኃኒት ከሜቶትሬክሴት ጋር ሲገናኝ አደገኛ በመሆኑም በሽተኛው በሄደበት ጤና ጣቢያ ሁሉ የሚወስደውን መናገር ይኖርበታል።

አሁን ወደ ራሳችን ቆላ ጉዳይ ልመለስ። ሜቶትሬክሴትም ሆነ ፕሬድኒሶሎን የሰውነትን መከላከያ ያለዝባሉ። የምንኖረው ደግሞ ወባ ባለበት፣ ካላዛር በመተማና በሁመራ እርሻዎች በሰፊው በሚገኝበት፣ የሳንባ ነቀርሳም ባልጠፋበት አካባቢ ነው። በሰውነት ውስጥ ተኝቶ የቆየ ካላዛር ወይም ነቀርሳ መከላከያው ሲላላ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ በሽተኛው መድኃኒቱን ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ «የምኖረው በመተማ ቆላ ነው፤ በማሳ ላይ አድራለሁ» ብሎ መንገር አለበት። ይህን ሳይናገር ቀርቶ አድራሻውን ጎንደር ብሎ የሚያስመዘግብ ሰው ብዙ ነው። መድኃኒቱን ከጀመረ በኋላ ትኩሳት የያዘው እንደሆነ በዚያው ቀን የወባ ምርመራ ማድረግ ይገባዋል፤ ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈና ሆዱ በግራ በኩል ካበጠ ካላዛር መጠርጠር አለበት። ለዚህ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የላይሽማኒያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል መኖሩ ለእኛ ትልቅ ነገር ነው።

በሀብታም አገሮች ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በመርፌ የሚሰጡ፣ የብግነቱን መልእክተኛ ለይተው የሚያግዱ መድኃኒቶች ገብተዋል። ሜቶትሬክሴት ያልሠራላቸውን ብዙ ሰዎች ከአልጋ አንሥተዋል። ዋጋቸው ግን ለእኛ ገበሬ የሚቀመስ አይደለም፤ የተኛ ነቀርሳንም ይበልጥ ይቀሰቅሳሉ። ስለ እነርሱ ብዙ ማውራት የሌለንን በሬ መጥመድ ይሆናል።

ጠበልና ፍል ውኃን በሚመለከት ከሽማግሌዎች ጋር መከራከር አልፈልግም። ሙቅ ውኃ የተገተረ እጅን ያላላል፤ ዋንዛዬ ፍል ውኃ ደርሶ የመጣ ሰው ቀለል አለኝ ቢል ውሸት አይደለም። ጠበሉን የሚከለክል መድኃኒትም የለም። ጉዳቱ የሚመጣው ሰው መድኃኒቱን ጠበል ዳር ጥሎ ሲመለስ ነው። በምላጭ መብጣትና በጋለ ብረት መተኮስ ግን ሌላ ነገር ናቸው፤ ያበጠ አንጓ ላይ ቁስል ይጨምራሉ፤ ምላጩም ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዞር ኤች.አይ.ቪ.ንና የጉበት በሽታን ያጋባል።

አንዳንድ ሰው ይህን ሲያነብ «ወባና ካላዛር ሰው በሚገድሉበት አገር ስለ ጣት እብጠት ይወራል?» ሊል ይችላል። እኔም አንድ ጊዜ እንደዚያ አስብ ነበር። ነገር ግን በእኒያ እናት ቤት የሆነውን ልንገራችሁ። እናቲቱ ማቡካትና ውኃ መቅዳት ሲያቅታቸው የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት ቀረች። ባልየው ለአረም ሁለት የቀን ሠራተኛ ለመቅጠር ተበደሩ። ብድሩን ለመክፈል ሰሊጡ ገና ሳይታጨድ በርካሽ ለነጋዴ ተሸጠ። በሚቀጥለው ዓመት ግማሹ መሬት ለእኩል ተሰጠ። ከሕመሙ የሞተ ሰው የለም፤ ስለዚህም በማንኛውም ሪፖርት ውስጥ አልገባም። እኔ ራሴ በዚያ ዓመት የጻፍኩት ሪፖርት የዚያን ማሳ ምርት መቀነስ «በአረም አያያዝ ጉድለት» ብሎ ነበር የገለጸው።

እንግዲህ የመሪዎች ድርሻ ምንድነው? በቅድሚያ ሕክምናው የሚጀመርበትን መንገድ ማሳየት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ጤና ጣቢያው ወደ መተማ ሆስፒታል፣ ከዚያም ካስፈለገ ወደ ጎንደር ይልካሉ። የአንጓ ልዩ ሐኪሞች በአገራችን በጣት የሚቆጠሩ ቢሆኑም የውስጥ ደዌ ሐኪም ሕክምናውን መጀመርና መከታተል ይችላል። በሽተኛ ደረጃውን ዘሎ በቀጥታ ጎንደር ከገባ የማኅበረሰብ ጤና መድኑን ጥቅም ሊያጣ ስለሚችል ወረቀቱ ከታች መጀመር አለበት።

ከሁሉ የበለጠ በእጃችሁ ያለው ግን ይኸው መድን ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች ሲጀመር ከክልላችን ፎገራ አንዷ ነበረች፤ ዛሬ በየወረዳው ተስፋፍቷል። የመክፈል አቅም የሌላቸው አባወራዎች መዋጮ በመንግሥት እንዲሸፈን ስማቸውን የሚለየው ደግሞ ሕዝቡና የገበሬ ማኅበሩ አመራር ነው። በዚህ ዝርዝር ላይ ማን ይገባል? ብዙ ጊዜ እንዳየሁት መሬት የሌለው፣ ዓይኑ የጠፋ፣ አሮጊት የሆነች ይገባሉ፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሁለት ሄክታር መሬት በስሙ ያለው፣ የሚያርስበት እጅ ግን የሌለው ቤተሰብ «ሀብታም ነው» ተብሎ ይዘለላል። መሬት ያለ እጅ ምንድነው? የጎንደር ጉዞ በአይከል በኩል ሲሄዱ የአውቶቡስ፣ የማደሪያና የአጃቢ ወጪ አለበት፤ መንገድ የሚዘጋበትም ጊዜ አለ። በየወሩ ወይም በየሦስት ወሩ ያን ጉዞ የሚያደርግ ቤተሰብ መዋጮው እንኳ ቢነሣለት ይተነፍሳል።

ሁለተኛው የገበያው ጉዳይ ነው። ስሙ ያልተጻፈበት ኪኒን በላስቲክ ተቋጥሮ በጉልት ሲሸጥ የገበያ ቀረጥ ሰብሳቢው እያየ ያልፋል። በሱዳን በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ከተነሣ ወዲህ ድንበሩን አቋርጦ የሚመጣው ነገር ምንጩ ከየት እንደሆነ ማወቅ ይበልጥ አስቸግሯል። ሻጩን ብቻ ማባረር ግን አይበቃም፤ ኪኒኑን ለወራት ሲወስድ የቆየ ሰው በድንገት ቢቋረጥበት አደጋ ላይ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ኪኒኑን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድና ቀስ በቀስ እንዲቀነስለት መደረግ አለበት።

ለጤና መሥሪያ ቤቶችም የምለው አለኝ። ሜቶትሬክሴት ውድ መድኃኒት አይደለም፤ የደምና የጉበት ምርመራውም ተራ የላቦራቶሪ ሥራ ነው። በሽተኛው አንድ ጊዜ በጎንደር ታይቶ መድኃኒቱ ከተወሰነለት በኋላ ክትትሉና መድኃኒቱ እዚሁ መተማ ቢገኝ አጨዳ ላይ ያለ ገበሬ ለሦስት ፍሬ ኪኒን ሁለት ቀን ባላጠፋ ነበር። ለካላዛር ይህን ያህል ሥራ መሥራት የቻለ አካባቢ ይህን አይችልም ብዬ አላምንም።

እኛ የግብርና ሠራተኞችም ከነቀፌታ አናመልጥም። ስለ ምርጥ ዘርና ስለ መስመር መዝራት ስናስተምር መሣሪያውን የሚጨብጠው እጅ ምን ዓይነት እንደሆነ አንጠይቅም። እጀታው ወፈር ተደርጎ በጨርቅ የተጠቀለለ ማጭድ፣ ቆመው የሚያርሙበት ረጅም እጀታ ያለው መኮትኮቻ፣ በጣት ሳይሆን በክንድ የሚነሣ ጀሪካን፤ እነዚህ የአካባቢው አንጥረኛና አናጢ የሚሠሯቸው ናቸው። ያበጠ አንጓ ይረፍ፤ እብጠቱ ሲበርድ ግን ጣቶቹ በየቀኑ መዘርጋትና መጨበጥ አለባቸው፤ ተኝቶ መቅረት ያደርቃቸዋል። የሰሊጥ አጨዳ ሲደርስ ወንፈል መመለስ ለማይችል ቤተሰብ ደቦ ማውጣትም በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም።

እኒያ እናት ዛሬ በሜቶትሬክሴት ሁለተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል። የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች እንደጠመሙ ቀርተዋል፤ አይመለሱም። የጠዋቱ መገተር ግን ወደ ሩብ ሰዓት ወርዷል፤ ሊጣቸውን ራሳቸው ያቦካሉ፤ ልጅቷም ወደ ትምህርት ቤት ተመልሳለች፤ ከእኩዮቿ ሁለት ክፍል ወደ ኋላ ነች። አምና አጨዳ ላይ ነዶ ሲያስሩ አየኋቸው፤ በእጃቸው ነበር።

በመጪው ጥር የቀሪዎች መዝገብ እንደገና ይከፈታል። በእኔ በኩል ከአሁኑ አንድ ዓምድ ጨምሬበታለሁ፤ «በሕመም የቀረ» ይላል። ከቅጣት ውሳኔ በፊት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በዚያ ዓምድ የተጻፉትን ሰዎች ቤታቸው ሄዳ እንድታይ ከሊቀ መንበሩ ጋር ተስማምተናል። ማሳ ለመቆፈር ያልቻለ ሰው ዘር ማበጠር፣ ችግኝ ማጠጣት ወይም መሣሪያ መቁጠር ይችል እንደሆነ ይጠየቃል። ሊቀ መንበሩ በመጀመሪያ «ሁሉም ታመምኩ ይላል» ብለው ነበር። እጅ እየጨበጥን እንለያለን ብያቸዋለሁ።